ሰባቱ የማሽኑ፣ ሦስቱ የእናትሽ

ቀን 6/2

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ፣ ለባሕር ማዶዋ ምሁር፤

ከሁሉ በፊት ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። ፈጣሪ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ ሥራሽን ያቅናልሽ፣ የሰው አገር ብርድ አይንካሽ።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ ማንም አልጻፈልኝም። ዛሬ በዚህ ከተማ እንደ እኔ ፊደል የሚያውቅ ሰው የለም። እሺ፣ ከተማው ይቅር፤ በዚህ ሰፈር ልበል። ሰፈሩም ውስጥ ቢሆን ፋርማሲስቱና የማታ አስተማሪያችን አሉ። እንግዲህ በዳቦ ቤቱ ውስጥ፣ ከምድጃው ወዲህ የሚስተካከለኝ የለም ብል ማንም አይከራከረኝም። ከምድጃው ወዲህ የምቆመው እኔ ብቻ ነኝና።

ሊጥ አቡኪዎቹ "ፕሮፌሰር" የሚል ስም አውጥተውልኛል። ሲጀምሩት ለማሾፍ ነበር። አሁን ግን የመድኃኒት ወረቀት እጃቸው ሲገባ እየሮጡ የሚመጡት ወደ እኔ ነው።

ለምን አልደወለም ትይ ይሆናል። የስልክ ማማው አምና በዚያ ሙቀት ዕቃው ተቃጥሎ ይኸው እስከ ዛሬ የሚጠግነው ጠፍቶ የቁራ መቀመጫ ሆኗል። ደብዳቤዬን የዱቄት መኪናው ሹፌር ትልቁ ከተማ ወስዶ ፖስታ ቤት ያስገባልኛል፤ ያንቺንም እሱ ነው የሚያመጣልኝ።

እናትሽ ደህና ናት። ይህን የጻፍኩት አጠገቤ ቁጭ ብላ "ደህና ናት ብለህ ጻፍ" ስላለችኝ ነው። ማንበብ ስለማትችል ከዚህ በታች ያለውን አታውቀውም።

ደረጃውን ስትወጣ ሁለት ቦታ ትቀመጣለች። እግሯ ያብጣል። አምና "ጉንፋን ይዞኝ ነው" ያለችሽ ጊዜ፣ ስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ ነው ያገኘኋት። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ወደ ጥግ ወስዳኝ፣ "እንደዚህ ያለ ሙቀት ከደገማት ልቧ አይችለውም" አለችኝ። ለእሷ አልነገርኳትም። ብነግራትም "ነርሷን ማን ጠየቃት" ነው የምትለኝ።

"ምንድን ነው እንዲህ የረዘመው?" አለችኝ አሁን።

"ሰላምታ ነው፣ እትዬ።"

"ይህን ያህል ሰላምታ? አገር ሙሉ ሰው ነው እንዴ የምትሰላመው?"

ፊደሉ ዓይኔ ላይ እየደቀቀ ስለመጣ መነጽር ላኪልኝ ልልሽ ነበር። እሱ ይደርሳል። ይልቅ አንድ ነገር ንገሪኝ። ሥራሽ የሙቀት ነገር ነው አይደል? ዘንድሮስ ይመጣል ወይ?

አጎትሽ፣ ባለ ምድጃው

ቀን 20/2

ውድ ጋሼ፤

ናፍቆቴና ሰላምታዬ እንዳለህ ይድረስህ። እጅህ ይባረክ። ፖስታው ላይ የአንተን ጽሕፈት ሳይ ሥራ ቦታ መሆኔን ረስቼ ጮኽኩ። ከጎኔ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ደንግጦ ሻዩን ደረቱ ላይ ደፋው። መነጽሩን ልኬልሃለሁ።

መደፋቷን አልነገረችኝም። ጉንፋን ነው ብላኝ ነበር። እኔም አመንኳት፤ ማመኑ ይቀለኝ ስለነበር ይመስለኛል።

የዛሬ ሁለት ዓመት "በእርግጥ ይመጣል" ብዬ ተራራው ላይ አክስቴ ቤት እንደላክኳት ታስታውሳለህ። ሙቀቱ ሳይመጣ ቀረ። የተማሪዎቹን ዩኒፎርም ሌላ ሰፊ ወሰደባት። አምና ደግሞ እኔ ትንፍሽ ሳልል መጣ። ሁለቱንም ጊዜ የምንሠራበት ዘዴ ከሁለት ሳምንት ወዲያ ማየት የማይችል ነበር፤ እኔ ነኝ ከሚያየው በላይ ያወራሁለት።

አሁን የምንሠራው ሌላ ነው። ከመረጃ የሚማር ፕሮግራም ነው። የብዙ ዓመታትን የባሕር ሙቀት፣ የአፈር ድርቀት፣ ከደመና በላይ የሚነፍሰውን ነፋስ እናሳየዋለን። ከዚያ ምን ዓይነት በጋ እንደተከተለ እንዲገምት እናደርገዋለን፤ ሲሳሳት ይታረማል፣ እንደገና ይገምታል። ያስቸገረን እንደ አምናው ያለ ክፉ በጋ ብዙ ጊዜ አለመምጣቱ ነው። በጥቂት ምሳሌ አይማርም። ስለዚህ በአየር ጠባይ ሕግ ተሰልተው በኮምፒውተር የተሠሩ፣ ሊመጡ ይችሉ የነበሩ ግን ያልመጡ በጋዎችን በሺህ ቆጥረን ጨመርንለት። አሁን ከአምስትና ከስድስት ሳምንት በፊት፣ ከድሮው በተሻለ ያያል። የተሻለ ነው ያልኩህ፤ እርግጠኛ ነው አላልኩህም።

ለዘንድሮ ገና እያሰላን ነው። በሚቀጥለው ደብዳቤ እነግርሃለሁ። እስከዚያ ስትተኛ በስንት ትራስ እንደምትተኛ ጠይቅልኝ። እኔ ነኝ ያልኩት እንዳትላት።

የእህትህ ልጅ

ቀን 5/3

ለእህቴ ልጅ፣ ለማሽን አስተማሪዋ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ላሰለጠንሽውም ማሽን እንደዚሁ። መነጽሩ ደርሶኛል። አድርጌው ዳቦ ቤት ስገባ ገንዘብ ተቀባይዋ የጤና ጥበቃ ተቆጣጣሪ መጣ ብላ ብድግ አለች።

እኔና ማሽንሽ የክፍል ጓደኛሞች መሆናችን ነው። እኔንም ያስተማሩኝ እያሳዩ፣ እያሳሳቱ፣ እያረሙ ነው። ልዩነታችን እኔ ስሳሳት ክፍሉ በሙሉ ይስቅብኝ ነበር። እሱ የሚስቅበት ስለሌለ ነው መሰለኝ እስካሁን እርግጠኛ መሆን ያቃተው። አንድ የተልባ ፍሬ የምታህል የማታ አስተማሪ አለችን፤ እሷን ላበድርሽ? በሁለት ቀን ቀጥ ታደርገዋለች። ደግሞ ያልመጣ በጋ ሠርታችሁ ማስተማራችሁ ገርሞኛል። እኔ የዚያን ያህል ባወራ "ቀጣፊ" እባላለሁ፤ እናንተን ደሞዝ ይከፍሏችኋል።

ነገሩን እትዬ ላይ አነሳሁት።

"ልጅሽ ሙቀትን አስቀድሞ የሚያይ ማሽን ሠርታለች።"

"የዛሬ ሁለት ዓመትም ሠርታ ነበር።"

"ይኼኛው ተምሯል።"

"አንተም ተምረሃል፤ ምን አየህ?"

መነጽሬን አውልቄ ወለወልኩት፤ እሱም ምንም አላሳየኝም።

በሁለት ትራስ ነበር የምትተኛው። አሁን ግን አትተኛም። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ ብላ ነው የምታሸልበው፤ "ጀርባዬን ነው" ትላለች። የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞችን ካፖርት እንድትሰፋ ተሰጥቷታል፤ አልጋዋ ላይ ሳይቀር ሰማያዊ ጨርቅ ተቆልሎበታል። ከዩኒፎርሙ ወዲህ ያገኘችው ደህና ሥራ ይህ ነው፤ እሱን ትታ ፈቀቅ አትልም። ክፍሏ ሦስተኛ ፎቅ፣ ቆርቆሮው ሥር መሆኑን አልረሳሽም። ሙቀቱ ገና ሳይገባ፣ ከሰዓት በኋላ በሩን ስከፍት ምድጃዬን የከፈትኩ ይመስለኛል። የስፌት መኪናዋን ብረት በጨርቅ ይዛ ነው የምታዞረው። እኔ እሳት አጠገብ የምውለው ተከፍሎኝ ነው፤ ስወጣም ነፋስ ያገኘኛል። እሷ ግን ከዚያ አትወጣም።

ማራገቢያ ላኪ ልልሽ አሰብኩና፣ መብራቱ እንደሁ ሙቀት ሲመጣ ቀድሞ የሚሸሸው እሱ ነው ብዬ ተውኩት። ምንም አትላኪ። አዎ ወይም አይደለም ብቻ በይኝ። ቀልዱን ትቼ ነው የምለምንሽ።

አጎትሽ

ቀን 18/3

ውድ ጋሼ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኔ በሥራ ብዛት ካልሆነ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በሰላምታ ላስረዝመው አልፈልግም።

ውጤቱ ወጥቷል። ከአምስተኛው ወር የመጀመሪያ ሳምንት ጀምሮ ከሳምንት በላይ የሚቆይ፣ እንደ አምናው ያለ ወይም የባሰ ሙቀት በእናንተ በኩል ይመጣል የሚለው ከአሥር ሰባት ነው። በሌላ ዓመት ይህ ቁጥር ከአንድ አይበልጥም። አፈሩ ደርቋል፣ ባሕሩም ካለወትሮው ሞቋል፤ ፕሮግራሙ ሁለቱን አንድ ላይ ሲያያቸው ነው እንዲህ ያለው።

አራተኛው ወር ሳያልቅ አክስቴ ቤት አድርሳት። ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ እንደማይስማሙ አውቃለሁ። ይጣሉ። በሕይወት ያለ ሰው ነው የሚጣላው።

ከዚህ በታች ያለውን ለእሷ አንብብላት።

እማዬ፣ እንደምን ነሽ? የዛሬ ሁለት ዓመት "በእርግጥ" ብዬሽ ተሳስቻለሁ። አሁን "በእርግጥ" አልልሽም። ከአሥር ሰባት ነው። እባክሽ ካፖርቱን ለሰው አስረክቢና ሂጂ። ሙቀቱ ካልመጣ እንዳሻሽ ስደቢኝ፣ ችዬ እሰማለሁ።

ልጅሽ

ቀን 1/4

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ያሰብሽው ይሙላልሽ። እኔስ ያሰብኩት አልሞላልኝም።

አነበብኩላት። ድምፄን እንደ ሬዲዮ አድርጌ፣ አንድም ቃል ሳልዘል። ታች ያለው ሶፋ ሠሪ ጎረቤታችን የሥራ ካፖርት ሊለካ መጥቶ እሱም ሰማ። እትዬ እስክጨርስ መርፌዋን አላቆመችም።

"እስቲ ቁጥሩን ድገመው" አለች።

"ከአሥር ሰባት።"

"ሰባቱን ሰማሁ። ሦስቱ የኔ ናቸው።"

"ኧረ እትዬ!"

"ከአሥር መርፌ ሰባቱ ቢሰበርብኝ በሦስቱ እሰፋለሁ እንጂ መኪናዬን አልሸጥም። ሦስት ይበቃኛል።"

ሶፋ ሠሪው ሳቀ። "ሰባት ብቻ? የኔ ሚስትማ ዝናቡን በጉልበቷ ነው የምታውቀው፣ ከአሥር አሥር" አለ። ያን ጊዜ በመነጽርሽ ብደበድበው ደስ ባለኝ።

በግድ ተሸክሜያት ልወርድ ሞክሬአለሁ። የዱቄት ጆንያ በአንድ ትከሻ የማነሳ ሰው እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። እሺ፣ ግማሽ ጆንያ። ገና ብብቷን ስይዛት መቀሱን አነሳችብኝ። ይኸው እጅጌዬ ተቀዷል፤ ሰፍታ የመለሰችልኝ ግን እሷው ናት፣ እየሰደበችኝ። ስትሰፋው ትንፋሿ ሲቆራረጥ ሰማሁት። ክሩን በጥርሷ ለመቁረጥ እንኳ አረፍ አለች።

ስሚኝ የእህቴ ልጅ። "በእርግጥ" ብለሽ ጻፊ። አንዲት ቃል ናት። ወረቀቱ አይጮኽብሽ፣ ማሽኑም አይሰማሽ። ሰባት ስትያት ሦስቱን እየያዘች ነው። አሥር በያትና የምትይዘው ትጣ። ከዚህ በላይ የማደርገው ቸግሮኛል። አስተማሪዬን አምጥቼ አስመክሬያታለሁ፤ ነርሷን አምጥቻለሁ። ነርሷን ቀሚስ ለክታ ሸኘቻት።

አጎትሽ

ቀን 12/4

ውድ ጋሼ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። እጅጌህን እያሰብኩ ሳቅኩ፤ ከዚያ ማልቀሴን ማቆም አቃተኝ።

"በእርግጥ" ብዬ አልጽፍም። ያልኳት ጊዜ ምን እንደሆነ አይተሃል፤ ዛሬ ያላመነችኝ ለዚያ ነው። ዘንድሮ ሳይመጣ ቢቀር፣ ለሚቀጥለው ዓመት የምነግራት ምንም ቃል አይተርፈኝም። በሥራዬ ለማላውቀው ሰው ሁሉ እውነቱን እየነገርኩ ለእናቴ ልዋሽ አልችልም። ይህን ስጽፍ ልቤ እሺ እያለኝ እንዳይመስልህ።

ሰኞ የወጣው አዲሱ ስሌት ከአሥር ስምንት ነው። ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ የሚቀርህ ጊዜ ጥቂት ቀን ነው። ዳግመኛ ብጽፍም አይደርስልህም።

ከዚህ በታች ያለውን አንብብላት።

እማዬ፣ ስምንት ሆኗል። ራሴ መጥቼ በጀርባዬ አዝዬሽ በሄድኩ ነበር፤ ግን መምጣት አልችልም። የመኖሪያ ወረቀቴ እየታደሰ ነው፤ ሳይሰጡኝ ከወጣሁ ተመልሼ አያስገቡኝም፣ ሥራውም ያበቃል። እመኚኝ አልልሽም። ሳታምኚኝ ሂጂልኝ። ስለ እኔ ብለሽ እንጂ ስለ ማሽኑ ብለሽ አይደለም። ጋሼ መቀሱን ይደብቅና እጅሽን ይያዝሽ።

ልጅሽ

ቀን 9/5

ጋሼ፤

መጥቷል። ይኸው ሰባተኛ ቀኑ ነው። በካርታችን ላይ ቀዩ ቀለም አላዳርስ ብሎ እናንተ ያላችሁበት ጠቁሯል። ከስድስት ሳምንት በፊት ያልነው ቦታ፣ ያልነው ሳምንት። ትናንት በስብሰባው ላይ ባልደረቦቼ አጨበጨቡ፣ አለቃዬ እጄን ጨበጠኝ። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ተቀመጥኩ።

ካንተ ምንም አልደረሰኝም። ፖስታ ቤቱ መንገድ ላይ መኪና ቆሟል ይላል። የማውቀውን ሰው ሁሉ ጠየቅኩ፤ ወደዚያ የሚገባ ስልክ የለም። ሰላምታም አትጻፍ፣ ቀልድም አትጻፍ። ሄደች ወይስ አልሄደችም? አንድ ቃል።

ቀን 20/5

ለእህቴ ልጅ፤

እናትሽ አለች። ሌላውን ከማንበብሽ በፊት ይህን አንብቢ። አለች፣ ተራራው ላይ አክስትሽ ቤት ናት።

የዘገየሁት የዱቄት መኪናው ጎማው ቀልጦ መንገድ ላይ ስለቀረ ነው። ዱቄትም አልመጣ። የነበረንን ብናቦካው ሊጡ ሳንጋግረው ፈልቶ ከገንዳው ወጥቶ መሬት ላይ ሄደ። እሱን አሳድጄ የምይዝ ብቸኛው ጋጋሪ እኔ ነኝ ልል ፈልጌ ነበር፤ ሳቅ ግን ከዚህ ሰፈር ወጥቷል። ሶፋ ሠሪው ሞተ። አንዲት ገና ጨርቅ ያላለበሳት ሶፋ ነበረችው፣ እሷ ላይ ተኝቶ ነው ያገኘነው። ከእሱ በታች ያለችው አራስም ልጇን አጥታለች። በየቤቱ አንድ ሰው እንደጎደለ ነው የምልሽ፤ አልዘረዝርልሽም።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የእናትሽን ክፍል ወጥቼ አየሁት። የጣሪያው ሙቀት ፊቴን መታኝ። ለመብራት መጥፊያ ያስቀመጠቻቸው ሻማዎች መሳቢያው ውስጥ ፈስሰው ቁልፎቹንና መርፌዎቹን አንድ ላይ አጣብቀዋቸዋል። እዚያ አንዲት ቀን ብትውል ኖሮ ዛሬ የምጽፍልሽ ሌላ ነበር። ማሽንሽ አልፏል፤ ንገሪው።

እንዴት ሄደች ትዪኛለሽ። የስምንቱን ደብዳቤ አነበብኩላት። "ሁለቱም ይበቁኛል" አለች። ከዚያ ግን ደብዳቤው ሲያልቅ መኪናዋን ሸፈነች፣ ካፖርቶቹን ለጎረቤት ሰፊ አስረከበች፣ እኔንም ሳትጠብቅ ደረጃውን ወረደች። አውቶቡስ ውስጥ እንደ ልጅ መስኮት ጋ ካልተቀመጥኩ አለች።

ባለፈው እሑድ ልጠይቃት ወጣሁ። አክስትሽ በሩ ላይ ተቀብላ፣ "ና፣ እህትህን ከዚያ አንሳልኝ! እኔን አልሰማ አለች" አለችኝ። ተራራውም ዘንድሮ እንደ ድሮው ቀዝቃዛ አይደለም። የአውቶቡሱ መቆሚያ ጥላ የለውም። እናትሽ ጠዋት ትሄዳለች፣ የመጨረሻው አውቶቡስ እስኪገባ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ ትላለች። አንድ አረንጓዴ ቀሚስ ጭኗ ላይ አጥፋ ይዛለች፤ ለአንቺ ነው። ስትሄጂ የነበረሽን ልክ በጭንቅላቷ ይዛው ኖሯል። የሚወርደውን ሴት ሁሉ ወገብ በዓይኗ ትለካለች።

"ግቢ፣ እትዬ፣ ፀሐይ ነው።"

"መጥታ ብታጣኝስ?"

"ቤቱን ታውቀዋለች።"

"ጠብቂኝ ብላኛለች፣ አንተው አይደለህ ያነበብክልኝ?"

እግሯ እንደገና አብጧል። የዚያ አገር ሐኪም ጥላ ውስጥ ካልዋለች ተራራ መውጣቷ ዋጋ የለውም ብሏል። ከሙቀቱ ያሸሸኋት እኔው ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳት። እኔን አትሰማም፣ አክስትሽን አትሰማም። የምትሰማው ካንቺ የመጣ ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ወረቀትሽን ቶሎ ላኪ፤ ምን እንደምትጽፊ አንቺ ታውቂያለሽ። የጻፍሽውን ብቻ ነው የማነብላት። ከእንግዲህ አንዲት ፊደል አልጨምርም።

በእነዚህ ደብዳቤዎች ውስጥ ስለ ጆንያው፣ ስለ መቀሱ፣ ስለ ሊጡ ያልኩሽ ሁሉ እውነት ነው፤ ባጋነንም ሥሩ አለ። ከራሴ የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ስምንቱንም ሰምታ እንቢ ስትል፣ ደብዳቤሽ ውስጥ የሌለ መስመር አነበብኩላት፦ "እማዬ፣ እመጣለሁ፤ አክስቴ ቤት ሆነሽ ጠብቂኝ።" መርፌዋን አስቀመጠች። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ ብዙ አየችውና፣ "የትኛው ነው እመጣለሁ የሚለው? አሳየኝ" አለችኝ። ጣቷን ይዤ፣ "መምጣት አልችልም" ያልሽው ላይ አሳረፍኩላት።